ለአንድ ምሽት ግብ ጠባቂ የሆነው ሥራ አስኪያጅ፤ የሌስተር ፓትሪክ የሕይወት ታሪክ

በዚህ መጽሔታችን ላይ በየዓመቱ የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲጻፍ ቆይቷል። ከእኔ በፊት የነበሩት ተማሪዎች የነገሥታትን፥ የሊቃውንትንና የጦር ጀግኖችን ታሪክ ጽፈዋል። ዘንድሮ ተራው ለእኔ ሲደርስ የመረጥሁት ግን በአገራችን ስሙ እምብዛም የማይነሣ፥ በካናዳና በአሜሪካ ግን የስፖርት ወዳጅ ሁሉ የሚያውቀው ሰው ነው። ስሙም ሌስተር ፓትሪክ ይባላል። ከሞተ ከ60 ዓመት በላይ ሆኖታል። ይህን ሰው የመረጥሁበት ምክንያት አለኝ፤ እሱንም ሳልደብቅ አስቀድሜ ብናገር ይሻላል።

ባለፈው ዓመት በክፍሎች መካከል በተደረገው የእግር ኳስ ውድድር እኔ የክፍላችን ቡድን አምበል ነበርሁ። በግማሽ ፍጻሜው ጨዋታ ላይ የግብ ጠባቂያችን ጣት ተጎዳና ከሜዳ ወጣ። ሌላ ግብ ጠባቂ አልነበረንም። ጓንቱ መሬት ላይ ወድቆ ሳለ ሁላችንም እርስ በርሳችን ተያየን፤ ከዚያም ጓደኞቼ ሁሉ ዓይናቸውን ወደ እኔ መለሱ። እኔ ግን ግብ ቢገባብኝ ይሳቅብኛል ብዬ ስለ ፈራሁ፥ ጓንቱን አንሥቼ ከሁላችን በዕድሜ ለሚያንሰው ልጅ ሰጠሁት። አራት ግብ ገባበት፤ ተሸነፍን። ከጨዋታውም በኋላ ተማሪው የሳቀው በዚያ ልጅ ላይ ነበር፤ በእኔ ላይ ማንም አልሳቀም። እኔም ዝም አልሁ። በክረምቱ ዕረፍት ስለ ስፖርት ታሪክ ሳነብ የሌስተር ፓትሪክን ታሪክ አገኘሁ፤ ባነበብሁትም ጊዜ ያ ጓንት ትዝ አለኝ።

ወደ ታሪኩ ከመግባቴ በፊት ስለ ጨዋታው ጥቂት ማስረዳት ይገባኛል። የበረዶ ላይ ሆኪ የሚባለው ጨዋታ፥ የገና ጨዋታን ለሚያውቅ ሰው ፈጽሞ እንግዳ አይሆንበትም። በገና ጨዋታ ጫፉ በተቆለመመ ዱላ ጥንጓን እንደምንመታ ሁሉ፥ በሆኪም ጫፉ በታጠፈ ዱላ ይመታል። ነገር ግን ሜዳው ጠጣር በረዶ ነው፤ ተጫዋቾቹም ከሥሩ ስለት ያለው ጫማ አድርገው ይንሸራተታሉ እንጂ በእግራቸው አይሮጡም። የሚመቱትም ድቡልቡል ኳስ ሳይሆን ከጠንካራ ጎማ የተሠራ ጠፍጣፋ ክብ ነገር ነው፤ ፓክ ይባላል። ፓክ በኃይል ሲመታ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ስለሚወረወር፥ ፊት ለፊቱ የሚቆመው ግብ ጠባቂ ከሁሉ ይልቅ አደጋ ያገኘዋል። የጨዋታው ትልቁ ሽልማት የስታንሊ ዋንጫ ነው፤ ይህንንም ዋንጫ የሰጡት በ1892 ዓ.ም. የካናዳ ጠቅላይ ገዥ የነበሩት ሎርድ ስታንሊ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

ሌስተር ፓትሪክ ዲሴምበር 31 ቀን 1883 ዓ.ም. በካናዳ፥ በኩቤክ ክፍለ ሀገር፥ ድራሞንድቪል በምትባል ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆ ፓትሪክ የእንጨት ነጋዴ ነበር። ሌስተር ከእሱ በሁለት ዓመት የሚያንስ ፍራንክ የሚባል ወንድም ነበረው፤ የሁለቱም ሕይወት እስከ መጨረሻው ድረስ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ስለሆነ፥ የአንዱን ታሪክ ያለ ሌላው መናገር አይቻልም። ቤተ ሰቡ ወደ ሞንትሪያል ከተማ በተዛወረ ጊዜ ሁለቱ ወንድማማቾች እዚያ ሆኪ መጫወት ተማሩ። ሌስተር ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ነበር፤ ነገር ግን ብዙ ሳይቆይ ትምህርቱን ትቶ ወደ ጨዋታ ሄደ። ፍራንክ ግን እዚያው ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን ፈጽሟል።

በ1903 ዓ.ም. ሌስተር ወደ ምዕራብ ወርዶ ብራንደን በምትባለው ከተማ ቡድን ውስጥ በተከላካይነት ተሰለፈ። በዚያን ዘመን የተከላካይ ሥራ ከግቡ አጠገብ ቆሞ፥ ፓክ በመጣ ጊዜ ወደ ሩቅ መወርወር ብቻ ነበር። ማጥቃት የአጥቂዎች ፈንታ ነበርና ተከላካይ ከቦታው መልቀቅ አይጠበቅበትም ነበር። ሌስተር ግን ፓክን ይዞ ከኋላ ተነሥቶ፥ ሜዳውን አቋርጦ እስከ ጠላት ግብ ድረስ ይገሠግሥ ጀመር። ነገሩ አዲስ ስለሆነ ያስገረማቸው ብዙዎች ናቸው፤ ዛሬ ግን ማንም ተከላካይ ይህን ሲያደርግ የሚገረም የለም።

ቀጥሎ ሞንትሪያል ወንደረርስ ወደሚባለው ቡድን ገባ። በማርች 1906 ዓ.ም. ይህ ቡድን ከኦታዋ ቡድን ጋር ስለ ስታንሊ ዋንጫ ሁለት ጨዋታ አደረገ፤ አሸናፊው የሚታወቀው የሁለቱ ጨዋታ ግብ ተደምሮ ነበር። በመጀመሪያው ጨዋታ ወንደረርስ 9 ለ 1 አሸነፈ። ነገሩ ያለቀ መስሎ ነበር። ነገር ግን በሁለተኛው ጨዋታ ኦታዋዎች እንደ ማዕበል ተነሥተው 9 ለ 1 በመምራት ድምሩን እኩል፥ 10 ለ 10 አደረጉት። ተመልካቹ በጩኸት አዳራሹን ባናወጠበት በዚያ ሰዓት ሌስተር ፓትሪክ ሁለት ግቦች አግብቶ ቡድኑን በድምሩ 12 ለ 10 አሸናፊ አደረገ። በሚከተለውም ዓመት ወንደረርስ ዋንጫውን ዳግመኛ ወሰደ።

ከዚህ በኋላ አባቱ የእንጨት ሥራውን ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በሚባለው በምዕራቡ ክፍለ ሀገር፥ በኔልሰን ከተማ ስላቋቋመ፥ ሌስተርም አባቱን ለመርዳት ወደዚያ ሄደ። በ1909 ዓ.ም. ሬንፍሩ የምትባል ትንሽ ከተማ ባለጠጎች ዋንጫውን በገንዘብ ኃይል ለማግኘት አስበው፥ ታላላቅ ተጫዋቾችን ሲያሰባስቡ ሌስተርን በ3,000 ዶላር፥ ፍራንክን በ2,000 ዶላር ቀጠሩ። ይህ ለ12 ጨዋታ ብቻ የሚከፈል ሆኖ በዚያን ዘመን እጅግ ብዙ ገንዘብ ነበር። ሆኖም ሬንፍሩ ዋንጫውን አላገኘም። ከዚህ ወንድማማቾቹ ሁለት ነገር የተማሩ ይመስለኛል። አንደኛው፥ ሕዝብ ይህን ጨዋታ ለማየት ገንዘብ እንደሚከፍል፤ ሁለተኛው፥ ገንዘብ ብቻውን ቡድን እንደማይሆን ነው።

በ1911 ዓ.ም. መጀመሪያ አባታቸው የእንጨት ድርጅቱን ሸጠ። ቤተ ሰቡም በዚያ ገንዘብ በፓስፊክ ውቅያኖስ ዳር አዲስ የሆኪ ሊግ ለማቋቋም ቆረጠ። በቪክቶሪያና በቫንኩቨር ከተሞች አየሩ ለስላሳ ስለሆነ ውኃ በክረምት እንኳ እንደ ምሥራቁ አገር አይረጋም። ስለዚህ ሰው ሠራሽ በረዶ የሚሠራ አዳራሽ ማቆም ግድ ሆነ። የዚህ ዐይነቱ አዳራሽ አሠራር እንዲህ ነው፤ በመኪና ኃይል እጅግ የቀዘቀዘ የጨው ውኃ ከወለሉ በታች በተዘረጉ ቧንቧዎች ውስጥ ይዘዋወራል፤ ከወለሉ በላይ የሚፈሰውም ውኃ በቧንቧዎቹ ቅዝቃዜ ረግቶ በረዶ ይሆናል። እንዲህ ያለ አዳራሽ በካናዳ ምድር ከዚያ በፊት አልነበረም። የቪክቶሪያው 4,000 ያህል፥ የቫንኩቨሩ ደግሞ ከ10,000 በላይ ተመልካች ይይዝ ነበር። በጃንዋሪ 1912 ዓ.ም. በሦስት ቡድኖች፥ ማለት በቪክቶሪያ፥ በቫንኩቨርና በኒው ዌስትሚንስተር መካከል ውድድሩ ተጀመረ። ፍራንክ ቫንኩቨርን፥ ሌስተር ቪክቶሪያን ያዙ። ሌስተር በዚያን ጊዜ ገና የ28 ዓመት ጎልማሳ ሳለ ባለቤትም፥ ሥራ አስኪያጅም፥ አሠልጣኝም፥ ተጫዋችም ነበር።

ወንድማማቾቹ በዚህ ሊግ ውስጥ ያደረጉት ትልቁ ሥራ ግን የጨዋታውን ሕግ ማሻሻል ነው። ሜዳውን በሰማያዊ መስመር በሦስት ክፍል ከፈሉት፤ በመካከለኛው ክፍል ፓክን ወደ ፊት ማቀበል እንዲፈቀድ አደረጉ፤ ከዚያ በፊት ወደ ጎንና ወደ ኋላ ብቻ ነበርና። የፍጹም ቅጣት ምት በ1921 ዓ.ም. በእነሱ ሊግ ተጀመረ። ለግብ አግቢው ብቻ ሳይሆን ላቀበለውም ሰው በመዝገብ ነጥብ እንዲጻፍ አደረጉ። ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ አንዲት ሕግ አንባቢ እንዲያስታውስልኝ እለምናለሁ፤ ኋላ ትጠቅመናለችና። በጥንቱ ሕግ ግብ ጠባቂ ቆሞ ብቻ እንዲከላከል ነበር የታዘዘው፤ በረዶው ላይ ወድቆ ወይም ተንበርክኮ ፓክን ቢያግድ ይቀጣ ነበር። ፓትሪኮች ግን ግብ ጠባቂ እንደ ፈለገ ቢወድቅ ቢንበረከክ አይቀጣ ብለው ሕጉን ሻሩት።

በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፥ በ1916 ዓ.ም.፥ ወታደሩ የቪክቶሪያን አዳራሽ ስለ ያዘው ቡድኑ ከተማውን ለቆ ለመሄድ ተገደደ፤ ሌስተርም ከጦርነቱ በኋላ ተመልሶ ቡድኑን እንደ አዲስ አቋቋመ። በመጨረሻም በ1925 ዓ.ም. ቪክቶሪያ ኩጋርስ የተባለው ቡድኑ ታላቁን ሞንትሪያል ካናዲየንስን 3 ጨዋታ ለ 1 አሸንፎ የስታንሊ ዋንጫን ወሰደ። ከዚያ ጊዜ ወዲህ ብሔራዊ ሆኪ ሊግ ከሚባለው ውጭ የሆነ ቡድን ይህን ዋንጫ አግኝቶ አያውቅም።

ነገር ግን በዚያ ወራት የአሜሪካ ታላላቅ ከተሞች ወደ ጨዋታው ስለ ገቡ የተጫዋቾች ደመወዝ እጅግ ከፍ አለ። የምዕራቡ ትናንሽ ከተሞች ያን ያህል ሊከፍሉ አልቻሉም። በ1926 ዓ.ም. ሊጉ ፈረሰ፤ ተጫዋቾቹም ከ250,000 ዶላር በሚበልጥ ገንዘብ ለምሥራቅ ቡድኖች ተሸጡ። አንድ ሰው 15 ዓመት የደከመበትን ቤት በገዛ እጁ ሲያፈርስ ምን እንደሚሰማው መገመት ይቻላል። ሌስተር ግን ተቀምጦ አላዘነም፤ በዚያው ዓመት በኦክቶበር አዲስ የተቋቋመው የኒው ዮርክ ሬንጀርስ ቡድን ሥራ አስኪያጅና አሠልጣኝ ሆኖ ተቀጠረ። ሬንጀርስም በመጀመሪያው ዓመት በምድቡ አንደኛ ወጣ። የኒው ዮርክ ጋዜጠኞች የሸበተ ጸጉሩንና ብልሃቱን አይተው ብርማው ቀበሮ የሚል ቅጽል ስም አወጡለት።

እነሆ አሁን ወደ ጽሑፌ እምብርት ደርሻለሁ። በ1928 ዓ.ም. ሬንጀርስ ለስታንሊ ዋንጫ ፍጻሜ ደርሶ ሞንትሪያል ማሩንስ ከሚባለው ቡድን ጋር ተገናኘ። ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን የሚባለው የኒው ዮርኩ አዳራሽ በሰርከስ ተይዞ ስለ ነበረ ጨዋታዎቹ ሁሉ በሞንትሪያል ሆኑ። የመጀመሪያውን ጨዋታ ማሩንስ 2 ለ 0 አሸነፈ። ሁለተኛው ጨዋታ የተደረገው አፕሪል 7 ቀን ነበር። በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ፥ ገና ግብ ሳይቈጠር፥ ኔልስ ስትዋርት የተባለው የማሩንስ አጥቂ የመታው ፓክ የሬንጀርስን ግብ ጠባቂ ሎርን ሻቦን ዓይኑ ላይ መታው። ሻቦም ወደ ሆስፒታል ተወሰደ።

በዚያን ዘመን አንድ ቡድን ሁለት ግብ ጠባቂ ይዞ አይጓዝም ነበር። ከተመልካቾቹ መካከል አሌክ ኮኔል የተባለ የኦታዋ ቡድን ስመ ጥሩ ግብ ጠባቂ ተቀምጦ ነበር፤ ሌስተርም እሱን ለመዋስ ጠየቀ። ማሩንሶች ግን አልፈቀዱም፤ ያለ እነሱ ፈቃድ ደግሞ የሌላ ቡድን ሰው ማሰለፍ አይቻልም ነበር። ያን ጊዜ ሌስተር ፓትሪክ የ44 ዓመት ሰው ነበር። መደበኛ ተጫዋችነትን ከተወ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር፤ በተጫዋችነቱም ዘመን ተከላካይ እንጂ ግብ ጠባቂ አልነበረም። ከተጫዋቾቹ አንዱን፥ ምናልባትም ታናሹን፥ ግቡ ውስጥ ሊያቆመው ይችል ነበር። የሚከለክለውም የለም፤ አለቃው እሱ ነውና። እሱ ግን ኮቱን አውልቆ የግብ ጠባቂውን ልብስ ለበሰና ወደ በረዶው ወጣ። በእሱ ቦታ ቆሞ ቡድኑን እንዲመራ ኦዲ ክለግሆርን የተባለው የፒትስበርግ ቡድን አሠልጣኝ ተለመነ።

ተጫዋቾቹ አለቃቸው በዚያ ቦታ ቆሞ ባዩ ጊዜ እንደ ንብ ተነሡ። ማሩንሶች ወደ ግቡ እንዳይቀርቡ በየመንገዱ እየገቱ ከሩቅ ብቻ እንዲመቱ አስገደዷቸው። ሌስተርም የመጣበትን ፓክ አንዳንዱን ቆሞ፥ አንዳንዱን በጉልበቱ ተንበርክኮ ያግድ ነበር። አንባቢ ሆይ፤ ያችን ሕግ አስታወስሃት? ከብዙ ዓመታት በፊት ግብ ጠባቂዎችን ለመርዳት ያወጣት ሕግ ዛሬ ለራሱ ደረሰችለት።

በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መጀመሪያ የሬንጀርስ አምበል ቢል ኩክ አንድ ግብ አገባ። ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው ኔልስ ስትዋርት አገባበትና እኩል ሆኑ። ተጨማሪ ጊዜ ተሰጠ፤ ማንም መጀመሪያ ያገባ አሸናፊ ይሆናል። ሰባት ደቂቃ ያህል ከተጫወቱ በኋላ ፍራንክ ቡሼ የሬንጀርስን ሁለተኛ ግብ አገባ። ሌስተር ፓትሪክ ከተመቱበት 19 ኳሶች 18ቱን አግዶ ነበር። ተጫዋቾቹ ከበው ሽበታሙን አለቃቸውን ከሜዳ ይዘውት ወጡ።

ለቀሩት ጨዋታዎች ጆ ሚለር የተባለ ግብ ጠባቂ እንዲሰለፍ ተፈቀደ። ሬንጀርስ ሦስተኛውን ተሸነፈ፤ አራተኛውንና አምስተኛውን አሸንፎ አፕሪል 14 ቀን ዋንጫውን ወሰደ። ያች አንዲት ምሽት ባትኖር ኖሮ ቡድኑ 2 ለ 0 ይመራ ስለ ነበር ዋንጫው ወዴት ይሄድ እንደ ነበር ለአንባቢ ግልጽ ነው።

ከዚህ በኋላ ያለውን በአጭሩ ልናገር። ሬንጀርስ በ1933 ዓ.ም. በእሱ አሠልጣኝነት ዳግመኛ ዋንጫውን ወሰደ። ሊን የተባለው ልጁ ጥሩ ተጫዋች በሆነ ጊዜ፥ ሌስተር ለልጁ አዳላ እንዳይባል እሱን ለመቅጠር አመንትቶ ነበር፤ ቅጠረው ብለው የመከሩት ነባሮቹ ተጫዋቾች ናቸው። በ1939 ዓ.ም. የአሠልጣኝነቱን ሥራ ለፍራንክ ቡሼ አስረክቦ በሥራ አስኪያጅነት ቀረ። በ1940 ዓ.ም. ሬንጀርስ ሦስተኛውን ዋንጫ ሲያገኝ ሁለቱ ልጆቹ፥ ሊንና መዝ፥ ከተጫዋቾቹ መካከል ነበሩ።

ሁሉ ነገር ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በደመወዝ ነገር እጁ ጠበቅ ያለ እንደ ነበር ይነገራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም ተጫዋቾቹ ወደ ውትድርና ስለ ሄዱ ሬንጀርስ በ1943-44 ከ50 ጨዋታ ያሸነፈው 6 ብቻ ነበር። ሌስተር በ1946 ዓ.ም. ከሥራ አስኪያጅነቱ ወረደ። ከ1940 በኋላ ሬንጀርስ እንደ ገና ዋንጫ ያየው በ1994 ዓ.ም. ነው።

በ1947 ዓ.ም. ሌስተር ስሙ በሆኪ የክብር መዝገብ ተጻፈ። የመጨረሻ ዘመኑን ያሳለፈው በቪክቶሪያ ሲሆን ጁን 1 ቀን 1960 ዓ.ም. በ76 ዓመቱ እዚያው ዐረፈ። ወንድሙ ፍራንክም አራት ሳምንት ቈይቶ በዚያው ወር ተከተለው። ከ1966 ዓ.ም. ጀምሮ በአሜሪካ ለሆኪ ታላቅ አገልግሎት ላደረጉ ሰዎች በስሙ ሽልማት ይሰጣል። የልጅ ልጁ ክሬግ ፓትሪክም የፒትስበርግ ቡድን ሥራ አስኪያጅ ሆኖ በ1991 እና በ1992 ዓ.ም. ያንኑ የአያቱን ዋንጫ አግኝቷል።

ውድ ጓደኞቼ፤ ሌስተር ፓትሪክ አዳራሽ ሠርቷል፥ ሊግ አቋቁሟል፥ ሕግ አውጥቷል። ነገር ግን ሰው ሁሉ ስሙን ሲያነሣ አስቀድሞ የሚያወራው፥ ሌላው ሊቆምበት በማይፈልገው ቦታ ራሱ ስለ ቆመባት ስለ አንዲት ምሽት ነው። እኔ አለቅነት ማለት ጓንቱን ለሌላ ሰው ማቀበል መስሎኝ ነበር።

ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት ወደዚያ ታናሽ ጓደኛዬ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። እሱም ስሙን ሳልጠራ ነገሩን እንድጽፍ ፈቀደልኝ። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ጧት ከትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ ግብ መጠበቅ እለማመዳለሁ፤ ኳሱን የሚመታብኝም እሱ ነው። እስካሁን ጥሩ ግብ ጠባቂ አልሆንሁም፤ ብዙ ይገባብኛል፥ እሱም ይስቅብኛል። ነገር ግን ዘንድሮ በውድድሩ መካከል ጓንቱ ዳግመኛ መሬት ላይ ቢወድቅ፥ ማን እንደሚያነሣው ከአሁኑ ተወስኗል።